ሲሮጡ የታጠቁት ሞተር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሞተር ነው፡፡ «አንቺ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምረሽ ከሞተር ጋር ምን አገናኘሽ?» የምትሉ አትጠፉም፡፡ ያገናኘኝ ወሬው ነው፡፡ የእኛ ዕድሜ ወንዶች (አሁን አሁን ሴቶችም) ማኪያቶ ይዘው ሲቀመጡ ከኳስ ቀጥሎ የሚነሳው መኪና ነው፡፡ አጠገባቸው ተቀምጬ ጆሮዬን ስጥል አንድ ነገር አስተዋልኩ፡፡ ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃ ነው፡፡ የትኛው ቱርቦ ይሻላል፣ የእገሌ ፒስተን ከዱባይ በማን ሻንጣ መጣ፣ ሶማሌ ተራ ስንት ተጠየቀበት፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ጨመረ… ይሄ ሁሉ ይወራል፡፡ ማን ገጠመው? ምን ለክቶ ገጠመው? በስንት ቀን ገጠመው? የሚል ጥያቄ ግን ሰምቼ አላውቅም፡፡

እኔ ደግሞ የምለው፣ ዋናው ጥያቄ የተረሳው ጥያቄ ነው፡፡ ጉልበተኛ ሞተር የሚሠራው በዕቃ ብቻ አይደለም፤ በአገጣጠም ነው፡፡ የዓለም ምርጥ ፒስተን፣ የዓለም ምርጥ ቱርቦ በጥድፊያ ከተገጠመ ውድ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል፡፡ በአንጻሩ ተራ ዕቃ በልክ ተገጥሞ ዓመታት ይሠራል፡፡ እና ደግሞ (እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ ሳትጣሉኝ አትቀሩም) ይሄ ጥንቃቄ የምንለው ነገር ከሰማይ የሚወርድ ተሰጥኦ አይደለም፡፡ መለካት፣ መጻፍና አለመቸኮል ነው፡፡

አያቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት መቀነት እያዩ ነው፡፡ ሞተር ቢያዩ ኖሮ ግን ከዚህ የተሻለ አባባል የሚያገኙ አይመስለኝም፡፡

እስቲ መጀመሪያ «ጉልበተኛ ሞተር ከተራው በምን ይለያል?» የሚለውን እንይ፡፡ የወጣቱን ሁሉ ልብ የሰረቀውን፣ «ቱ ጄ ዜድ» እያሉ የሚጠሩትን የቶዮታ ሱፕራ ሞተር እንውሰድ፡፡ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 3 ሊትር፡፡ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀትም 86 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ይሄ ሞተር በደቂቃ 7 ሺህ ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ116 ጊዜ በላይ ወጥቶ ይወርዳል፡፡ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆሞ አቅጣጫውን መቀየር አለበት፡፡

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (አትፍሩ፣ እኔም ሒሳብ ሸሽቼ ነው ጋዜጠኝነት የገባሁት)፡፡ ፒስተኑ ከፒኑና ከፋሻዎቹ ጋር ግማሽ ኪሎ ይመዝናል እንበል፡፡ በ7 ሺህ ዙር ላይ ይሄን ግማሽ ኪሎ ከላይኛው ጫፍ ጎትቶ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ተኩል ቶን ግድም ይሆናል፡፡ አዎ፣ ቶን! አንድ መኪና በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ ተንጠልጥሎ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሲጎትተው በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት፡፡ ያንን ሁሉ የሚችለው ቢዬላውን ከኮሎው ጋር አቅፎ የያዘው ቆብ ነው፤ ቆቡን የያዙት ደግሞ ከትንሽ ጣታችሁ የማይወፍሩ ሁለት ብሎኖች ናቸው፡፡

ያው ሞተር በ3 ሺህ 500 ዙር ቢሠራስ? ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ጭነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 400 ኪሎ እንኳን አይሞላም፡፡ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፡፡ ዙር በእጥፍ ሲጨምር ጭነት በአራት እጥፍ ይጨምራል፡፡ ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚሄድ የቤተሰብ መኪና ይቅር ባይ ነው፡፡ ብሎኑ ትንሽ ቢላላ፣ ክፍተቱ ትንሽ ቢሰፋ፣ አንዲት ብናኝ ብትቀር፣ እያጉረመረመም ቢሆን ያደርሳችኋል፡፡ ጉልበተኛ ሞተር ግን ይቅርታ አያውቅም፡፡ ገጣጣሚው የተዋትን ጥቃቅን ነገር ሁሉ በአራት እጥፍ አባዝቶ ይመልሳታል፡፡

እንግዲህ ጥንቃቄ ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? ከብዙው ጥቂቱን ላንሳ፡፡

ኮሎው የሚዞረው ብሮንዚን በሚባሉት፣ ግማሽ ጨረቃ በሚመስሉ ስስ ብረቶች ውስጥ ነው፡፡ በእርግጥ ብረት ከብረት ጋር አይነካካም፤ በመሃላቸው ዘይት አለ፡፡ ያ ዘይት የሚቀመጥበት ክፍተት ስንት ነው? የተለመደው የሠሪዎች ደንብ የኮሎው ውፍረት አንድ ሺኛ ነው፡፡ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል ማለት ነው፡፡ ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት ያነሰ ወይም የተስተካከለ ነገር! ክፍተቱ ሲጠብ ዘይቱ ቦታ ያጣል፣ ብረቱ ይግላል፣ ይያያዛል፡፡ ሲሰፋ ዘይቱ ይፈሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፡፡ ይሄንን በዓይን ማየት አይቻልም፡፡ በጣትም አይዳሰስም፡፡ «ካርቶኑ ላይ ስታንዳርድ ይላል» ማለትም ልኬት አይደለም፡፡ ኮሎው የራሱ ትንሽ ስህተት አለው፣ ብሮንዚኑ የራሱ አለው፣ ብሎኩ የራሱ አለው፡፡ ሦስቱ ትንንሽ ስህተቶች ተደምረው ስንት እንደሆኑ የሚታወቀው በማይክሮሜትር ሲለካ ብቻ ነው፡፡

ፋሻውን ደግሞ እንይ፡፡ ፋሻ ክብ ቢመስልም ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለው፡፡ ለምን ቢባል ብረት ሲሞቅ ይረዝማላ! በ86 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ ለተራ ሞተር 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚበቃው ክፍተት፣ ቱርቦ ጨምራችሁ ሙቀቱን ካበዛችሁት ወደ 0.45 ይጠጋል፡፡ ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ይቺን አንድ አሥረኛ ያልሰጠ ሰው ሞተሩ በደንብ በጋለበት ደቂቃ የፋሻው ጫፎች ይጋጫሉ፤ መሄጃ ሲያጡ ፒስተኑን ይሰብሩታል፡፡ ባለቤቱ ታዲያ ምን ይላል? «ፒስተኑ ፎርጅድ አልነበረም፣ ተበላሁ!» ይላል፡፡ ፒስተኑ ግን ምንም አላጠፋም፡፡

ብሎን ማጥበቅስ? ብዙዎቻችን ብሎን ማለት በጣም ሲጠብቅ ጥሩ የሚሆን ነገር ይመስለናል፡፡ ብሎን በእርግጥ ላስቲክ ነው፤ ሲጠብቅ በመጠኑ ይረዝማል፣ የሚይዘውም ልመለስ እያለ በሚስበው ኃይል ነው፡፡ የሚገርመው ግን ቁልፉን ስንዞር ከምናወጣው ጉልበት ብሎኑን በመወጠር ላይ የሚውለው በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው፡፡ ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ ሌላው በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ያልቃል፡፡ ስለዚህ ጥርሱ ላይ ዘይት መኖሩና አለመኖሩ፣ የዘይቱም ዓይነት፣ ውጤቱን ይቀይረዋል፡፡ ቶርክ ሬንች እንኳ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ ማለቴ ነው) ብሎኑ ደረቅ ከሆነ ልክ ያልሆነ ነገር ይነግራችኋል፡፡ ለዚህ ነው የውድድር ሞተር የሚሠሩ ሰዎች የቢዬላውን ብሎን ከማጥበቃቸው በፊትና በኋላ ርዝመቱን የሚለኩት፤ ስንት እንደተወጠረ ብሎኑ ራሱ እንዲነግራቸው፡፡ በደንብ ያልተወጠረ ብሎን ደግሞ ወዲያው አይበጠስም፡፡ በሰከንድ መቶ ጊዜ እየተሳበ፣ እየተለቀቀ፣ እየደከመ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነው የሚበጠሰው፡፡

ከሁሉ ደስ የሚለኝን ልጨምር፡፡ በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ የቢዬላው ቆብ በመጋዝ ተቆርጦ የተለየ ሳይሆን ሆን ተብሎ ከአካሉ ተሰብሮ የተለየ ነው፡፡ የተሰበረው ፊት ሻካራ ስለሆነ ያ ቆብ የሚገጥመው ከራሱ ቢዬላ ጋር ብቻ ነው፤ እንደ ተሰበረ ሸክላ ስባሪ፡፡ ከጎረቤቱ ጋር ካቀያየራችሁት አለቀ! ስለዚህ ሞተሩ ሲፈታ ጀምሮ «ይሄ የአንድ ቁጥር ነው፣ ይሄ የሁለት ቁጥር ነው» ብሎ ምልክት ማድረግ የግድ ነው፡፡ ሁሉንም ብሎንና ቆብ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሰብስቦ ናፍታ ማፍሰስ ሥራን ማቀላጠፍ ይመስላል፡፡ ግን አይደለም፡፡

ጽዳትን ሳላነሳ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል፡፡ ሲሊንደር ሲሞረድ የድንጋይ ብናኝ በግድግዳው ጭረት ውስጥ ይቀራል፡፡ በናፍታ ብቻ አይወጣም፡፡ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታሽቶ፣ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይታጠባል፤ ከዚያ ዝገት እንዳይቀድም ወዲያው ዘይት ይቀባል፡፡ በመጨረሻም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፡፡ ለምን ሁለት? ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ እስኪዞር ኮሎው ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩ ከሆነ በዚያ ሁለት ዙር ውስጥ በእጅ ይታወቃል፡፡ በእጅ የታወቀ ግጭት ይስተካከላል፡፡ በቁልፍ አስነስታችሁ ያወቃችሁት ግጭት ግን ቫልቭ ያጣምማል፡፡

«ይሄ ሁሉ የፋብሪካ ወሬ ነው» የምትሉ ካላችሁ ፋብሪካም ከዚህ አያመልጥም፡፡ ቶዮታን የማያምን ኢትዮጵያዊ የለም አይደል? በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 102 ሺህ የሚጠጉ ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖችን ጠርቷል፡፡ የ2022 እና የ2023 ሞዴሎች ናቸው፤ ሞተራቸው ባለ መንትያ ቱርቦ ስድስት ሲሊንደር ነው፡፡ ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሞተሩ ሲመረት ከብረት ቆረጣ የቀረ ብናኝ በደንብ ሳይጸዳ ውስጡ ቀርቶ፡፡ ብናኙ ብሮንዚኑ ላይ ሲያርፍ ሞተሩ ሊያንኳኳ፣ በጉዞ ላይም ቀጥ ሊል ይችላል፡፡ ልብ በሉ፤ ንድፉ አልተሳሳተም፣ ዕቃው አልረከሰም፡፡ የጎደለው መጥረግ ነው! በዓለም ላይ በጥንቃቄው የተመሰገነ ፋብሪካ እንዲህ ከሆነበት፣ አስፋልት ዳር አቧራ እየነፈሰ ሞተር የምንገጥም እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ፍረዱ፡፡

ወደ ሰማይም እንውጣ፡፡ ግንቦት 5 ቀን 1983 (እ.ኤ.አ.) የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 855 ከማያሚ ወደ ናሶ ተነሳ፡፡ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ 172 ሰዎች ተሳፍረውበታል፡፡ መንገድ ላይ የአንዱ ሞተር የዘይት ግፊት ወረደና ጠፋ፡፡ ወደ ማያሚ ሲመለሱ ሁለቱም ተከታትለው ጸጥ አሉ፡፡ ሦስት ሞተር፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት በሽታ! አብራሪዎቹ መጀመሪያ ያጠፉትን ሞተር ባሕሩ ላይ ከመውደቃቸው በፊት እንደምንም አስነስተው በእሱ ብቻ አረፉ፤ አንድም ሰው አልሞተም፡፡ ሲመረመር የተገኘው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ሞተር ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ አለ፡፡ ሌሊቱን ሲቀየር ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርጉት የጎማ ቀለበቶች አልገቡም፡፡ በፊት በፊት መሣሪያው ከነቀለበቱ ተዘጋጅቶ ይመጣ ስለነበር፣ የዚያን ሌሊትም እንደ ወትሮው መስሏቸው ሠራተኞቹ ሳያዩ ገጠሙት፡፡ ሰዎቹ ሙያ የሌላቸው አልነበሩም፡፡ ሥራውን ከመልመዳቸው የተነሳ ማየት ትተው ነበር፡፡

ወደ ሁለተኛው ክርክሬ ልለፍ፡፡ እኛ አገር ጎበዝ መካኒክ ሲባል የምናስበው ሰው አለ፡፡ ኮፈኑን ሳይከፍት በጆሮው ብቻ በሽታውን የሚያውቅ፣ ቁልፍ የማያስፈልገው፣ «እጁ ራሱ ሚዛን ነው» የሚባልለት፡፡ እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉ አልክድም፤ ባርኔጣዬንም አነሳላቸዋለሁ፡፡ ነገር ግን የሙያውን ደረጃ በእነሱ እጅ ላይ ብቻ ካንጠለጠልነው፣ እነሱ ሲያርፉ ሙያውም አብሮ ያርፋል፡፡

ለዚህ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ስፒትፋየር የተባሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚያበሩት ሮልስ ሮይስ በሠራው መርሊን በተባለ ሞተር ነበር፡፡ የሮልስ ሮይስ ብቻውን አልበቃ ሲል የእንግሊዙ ፎርድ ማንቸስተር ትራፎርድ ፓርክ ውስጥ እንዲያመርት ታዘዘ፡፡ የሮልስ ሮይሱ መሐንዲስ ስታንሊ ሁከር በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ እንዳስቀመጠው፣ የፎርድ ሰዎች ንድፉን አይተው በዚህ መሠረት መሥራት አንችልም አሏቸው፡፡ ሁከር ልኩ በጣም ጠበበባቸው ብሎ ገመተ፡፡ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር፤ ልኩ በጣም ልል ነው አሉት! ሮልስ ሮይስ ጋ ያሉት ባለሙያዎች የጎደለውን በእጃቸው እየሞረዱ፣ እየፈለጉ፣ እያማረጡ ይገጥሙት ነበር፡፡ ፎርድ ግን እንዲህ ዓይነት እጅ በሺዎች ማግኘት አይችልም፤ ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከማንኛውም ጋር እንዲገጥም ልኩ መጥበቅ ነበረበት፡፡ ንድፎቹ እንደ አዲስ ተሳሉ፡፡ ከዚያ ፋብሪካ ከ30 ሺህ በላይ ሞተሮች ወጡ፡፡ ከሠራተኞቹ መካከል ከ7 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ፡፡ (ይቺን መስመር ለጓደኞቼ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላቸው፡፡)

ልኩ በወረቀት ላይ ከተጻፈና መለኪያው በእጅ ካለ፣ በጆሮው የሚያውቅ ጠቢብ ሳይጠበቅ በዘመኑ ከነበሩት ጉልበተኛ ሞተሮች አንዱን መሥራት ይቻላል ማለት ነው፡፡ ጥንቃቄን «ተሰጥኦ» ብለን ስንጠራው ሌሎቻችንን ነጻ እያወጣን ነው፡፡ «እኔ እጄ አልተባረከም» ብሎ መተኛት ቀላል ነዋ! መለካትን ግን ማንም ሊማረው ይችላል፡፡

ዛሬም በእጅ የሚገጠሙ ሞተሮች አሉ፡፡ የመርሴዲስ ቤት የሆነው ኤኤምጂ አፋልተርባህ በምትባል የጀርመን ከተማ «አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር» በሚል መርሕ ይሠራል፤ የገጠመው ሰው ፊርማ ሞተሩ ላይ ይለጠፋል፡፡ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት 2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ሞተር እስከ 421 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፡፡ ኒሳንም በ2025 (እ.ኤ.አ.) ምርቱ እስከቆመው ጂቲ-አር 35 ድረስ ሞተሩን ዮኮሃማ ውስጥ «ታኩሚ» ለሚባሉ ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይሰጥ ነበር፡፡ እነዚህን ስናይ «በል የእጅ ነገር ነው!» እንላለን፡፡ እኔ ግን ከእጁ ይልቅ የምትገርመኝ ፊርማዋ ናት፡፡ ስሙን የጻፈ ሰው ነገ ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ማለት አይችልም፡፡ ፊርማ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ተጠያቂነት ናት፡፡ እኛም ጽሑፋችን ላይ ስማችንን የምናወጣው ለዚሁ አይደል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፡፡ ኢትዮጵያም ይሄን በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች፡፡ የክልከላውን ጥሩና መጥፎ ሌላ ቀን እንጨዋወትበታለን፡፡ ለዛሬ የሚበቃን፣ አሁን በመንገዳችን ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች በቀላሉ የሚተኩ አለመሆናቸው ነው፡፡ ሞተራቸው ይወርዳል፣ ይሠራል፣ እንደገና ይወርዳል፡፡ ስለዚህ ሞተር በልክ የመግጠም ጉዳይ የፍጥነት ወዳጆች ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ያቺን አንዲት መኪና ይዞ ራይድ እየሠራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እንጀራ ነው፡፡ ጉልበተኛውን ሞተር ያነሳሁት ጥፋትን ፈጥኖና አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው፡፡ ተራው ሞተር ላይ ያው ጥፋት ቀስ ብሎ ይመጣል፡፡

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ የለ እንዴ? ስለ ሞተር ማውራት ምን ያደርጋል?» ይባል ይሆናል፡፡ የኤሌክትሪክ መኪናም እኮ በብሎን ነው የተያያዘው! የባትሪው ማገናኛ በልኩ ካልጠበቀ ይግላል፤ ሲግል ይቃጠላል፡፡ ኮሎና ፋሻ አንድ ቀን ሊቀሩ ይችላሉ፡፡ ለክቶ፣ ጽፎ፣ አጽድቶ የመግጠም ልማድ ግን ወደ የትኛውም ሥራ አብሮን ይሻገራል፡፡ ግምትም እንደዚያው አብሮን ይሻገራል፡፡

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ እውነት አለበት፡፡ ጥሩ ማይክሮሜትር፣ ጥሩ ቶርክ ሬንች በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፡፡ ዱቄት ያልበላ ወለል፣ መስኮት ያለው ክፍል፣ ሙቅ ውኃ… ለትንሽ ጋራዥ ቀላል አይደለም፡፡ ግን አንድ ሞተር ሁለት ጊዜ ከመግዛት የትኛው ይረክሳል? ደግሞስ ሁሉም ነገር ገንዘብ ይፈልጋል እንዴ? የቢዬላ ቆቦችን ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ አንድ እስክሪብቶ ነው፡፡ ብሎክን በሳሙና ማጠብ ሳሙና ነው፡፡ ሁለት ዙር በእጅ ማዞር ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነው፡፡ ክፍት ሞተርን ማታ በንጹሕ ላስቲክ መሸፈን ያው ላስቲክ ነው፡፡

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም፡፡ እኛ ባለ ጉዳዮቹስ? ለቱርቦ የጠየቁንን ሳንከራከር ከፍለን፣ ለልኬት ሲጠይቁን «ለምኑ ነው ይሄ?» የምንል እኛ ነን፡፡ ረቡዕ ሞተር አስወርደን «ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፣ እስከ ዓርብ ይድረስልኝ» የምንለው እኛ ነን፡፡ «እባክህ ወንድሜ» ብለን፣ ሻይ ጋብዘን፣ በአማላጅ አስቸኩለን፣ ሞተሩ ሲያንኳኳ ደግሞ ስሙን የምናጠፋው እኛው ነን፡፡ መካኒኩ ለክቶ በስምንት ቀን ቢያስረክብ ጎረቤቱ ሳይለካ በሦስት ቀን አስረክቦ ደንበኛውን ይወስድበታል፡፡ በዚህ ገበያ ጥንቁቁ ሰው ይራባል፡፡ ጥንቃቄ የማይከፈልበት ቦታ ላይ ጥንቃቄ አይበቅልም፡፡

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው፡፡

ለባለ መኪኖች፤ ሞተራችሁ ሲሠራ የዕቃ ደረሰኝ ብቻ አትቀበሉ፡፡ የልኬት ወረቀት ጠይቁ፡፡ የእያንዳንዱ ብሮንዚን ክፍተት፣ የእያንዳንዱ ፋሻ ክፍተት፣ የብሎኖቹ ማጥበቂያ ልክ፣ የገጠመው ሰው ስም፡፡ አንድ ገጽ ናት፡፡ «እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ ጋ የለም» ከተባላችሁ ሌላ ጋራዥ ሞክሩ፤ ካለ ደግሞ ለሰዓቱ ሳትጨቃጨቁ ክፈሉ፡፡ ጊዜም ስጡት፡፡

ለመካኒክ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፤ የለካችሁትን ጻፉት፡፡ ጽሑፉ ለደንበኛ ማሳያ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ምን ተቀየረ የሚለውን የሚነግራችሁ እሱ ነው፡፡ ከሥራችሁ የሚማረው ረዳትም «አየህ» ከሚለው በላይ የሚይዘው ነገር ያገኛል፡፡ መለኪያ ሳይነካ ብሎን ብቻ እያቀበለ ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ሙያ ተማረ አይባልም፡፡

ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ፤ ተማሪ ሞተር ፈትቶ በመግጠሙ ብቻ አይመረቅ፡፡ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ ያስረክብ፤ ሌላው ተማሪ ፈትቶ ልኩን ያረጋግጥለት፡፡ የፈረመው ቁጥርና የተገኘው ቁጥር ከተስማማ ያኔ ያልፋል፡፡

ቱርቦ መውደድ ክፉ አይደለም፡፡ ድምፁንም፣ ፍጥነቱንም፣ ወሬውንም አልነሳችሁም፡፡ የምለው ይሄ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኪያቶ ላይ አንዱ ጓደኛችሁ አዲስ ስላሠራው ሞተር ሲተርክላችሁ «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ለክቶ ገጠመው?» በሉት፡፡ መልስ ካለው አብራችሁት ሂዱ፡፡ መልስ ከሌለው ግን… እንግዲህ በታክሲ መሄድም ክብር አለው!

ቸር እንሰንብት፡፡